በቦኔትና በሁድ የተኳረፉ ወንድማማቾች

የምነግራችሁን እንደማታምኑ በቆምኩበት መሬት እምላለሁ፤ ሆኖም ለቅሶ ላይ መዋሸት ነውር ስለሆነ፣ ትንሽ ከማጋነን በቀር ምንም አልጨምርም።

ዛሬ የምንሸኛቸው፣ ሰው ሁሉ «አባ ቦኔት» እያለ የሚጠራቸው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ፣ ከጭነት መኪና ሹፌር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ሲወለዱ እግራቸውን አስቀድመው ስለመጡ አዋላጇ «ይኼስ መንገደኛ ነው» አሉ ይባላል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰባ አንድ ዓመት ሙሉ ወንበር ላይ ደልደል ብለው ተቀምጠው አያውቁም።

ትምህርታቸውን እስከ አምስተኛ ክፍል ተከታትለው፣ ከስድስተኛው በመስኮት ዘለው ከወጡ በኋላ፣ የእንግሊዝ መኪና በሚያስመጣ ድርጅት ዕቃ ቤት ተቀጥረው እንግሊዝኛቸውን ሁሉ ከእንግሊዞች ካታሎግ ለቀሙ። ታናሽ ወንድማቸው በበኩላቸው አሜሪካኖች ዘንድ በመካኒክነት ገብተው እዚያው ጥርሳቸውን ነቀሉ። ኋላ ሁለቱ አንድ ሱቅ በጋራ ከፈቱ፤ ጣጣውም ያኔ ተጀመረ።

ታላቅየው የሞተሩን ክዳን «ቦኔት»፣ የፊቱን መስታወት «ዊንድስክሪን»፣ የኋላውን ዕቃ መጫኛ «ቡት» ብለው ጠዋት መደርደሪያው ላይ ይለጥፋሉ፤ ታናሽየው ከሰዓት በኋላ መጥተው ያንኑ ዕቃ በአሜሪካኖቹ አጠራር «ሁድ»፣ «ዊንድሺልድ»፣ «ትራንክ» እያሉ በላዩ ላይ ይደርባሉ። ወረቀት በወረቀት ላይ ተነባብሮ መተላለፊያውን ስላጠበበው፣ በስምንተኛው ወር ወፍራም ደንበኛ ከነጭራሹ መግባት ተሳነው። አንድ ቀን በገበያተኛ ፊት ታናሽየው «ጋሼ፣ የእርስዎ እንግሊዝኛ እኮ አርጅቷል» ቢሉ፣ እሳቸው «ያንተ ደግሞ ገና ጥርስ አላበቀለም» ብለው መለሱ። ታናሽየው በማግስቱ ከመንገዱ ማዶ ያንኑ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ከፈቱ፤ ሁለቱም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የእግዜር ሰላምታ ሳይለዋወጡ ፊት ለፊት ኖሩ።

አባ ቦኔት ቀደም ሲል ዛሬ ሐዘን ከተቀመጡት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ወልደዋል። የመጀመሪያዋ ልጃቸው ስትዳር አጎቷ ቀሩ፤ አባትየው ግን ከሠርጉ መሐል አሥራ አንድ ጊዜ እየተነሡ በሩን አዩ። ባለቤታቸው «ሂድና ጥራው፤ መንገዱ እኮ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው» እያሉ ዘወትር ይወተውቷቸው ነበር፤ እሳቸውም በየቀኑ ዘጠኙን ተራምደው ሦስቱ ሲቀራቸው ይመለሱ ስለነበር አስፋልቱ እስከ ዛሬ በዘጠነኛው እርምጃ ላይ ጎድጉዷል።

ኩላሊታቸው ታሞ ሆስፒታል ሲገቡም ግሉኮሱን እንደ በግ እየጎተቱ ኮሪደሩን ይዞሩ ነበር። ዶክተሩ «አባባ፣ ቢያርፉ ይሻላል» ቢሏቸው «ወንድሜን ሳላገኝ ምን ዓይነት ዕረፍት ነው» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላኩበት።

የመጨረሻዋን ከሰዓት ከመናገሬ በፊት ጸሎቱን ማስቀደም ይሻለኛል፤ ኋላ አሜን የሚል አፍ አይገኝምና። አባ ቦኔት ዓርብ ማለዳ በወንድማቸው እጅ ላይ ሆነው፣ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውንና እነሆ ከፊት የተቀመጡትን ታናሽ ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። ፈጣሪ በሕይወት ሳሉ ያላገኙትን ዕረፍት ይስጣቸው፤ የሚያሳርፋቸውም ቦታ ሰፊ ይሁን፣ እዚያም ቢሆን መንቆራጠጣቸው አይቀርምና።

እንግዲህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ታናሽየው ክፍሉን ከፍተው ሲገቡ፣ አባ ቦኔት ከአልጋቸው ብድግ ብለው፣ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ኩርፊያቸውን ትተው «ወንድሜ፣ ሁድ ነው» አሉ። ታናሽየውም ለካ ሊሸነፉ ቆርጠው መጥተው ኖሮ «የለም ጋሼ፣ ቦኔት ነው» አሉ።

«ሁድ ነው አልኩህ፤ ታላቅህ ነኝ።»

«ታላቄ ስለሆኑ ነው እኮ ቦኔት የሚሆነው።»

«በሞቴ፣ ሁድ በል።»

«እኔ ልሙት ጋሼ፣ ቦኔት።»

«አንተማ አትሞትም፤ ተራው የኔ ነው። ሁድ።»

መለማመጡ እንደገና ወደ ጠብ ሊዞር አንድ ሐሙስ ሲቀረውና ነርሶቹ በጩኸቱ እየሮጡ ሲመጡ፣ የሞተር ክዳን ወድቆበት እጁን በጄሶ አስሮ አጠገባቸው የተኛ የታክሲ ሹፌር ብርድ ልብሱን ከፊቱ ገለጠና «አባቶቼ፣ እጄን የሰበረው ነገር ኮፈን ይባላል፤ በሉ አሁን ተሳሳሙና እኔም ልተኛበት» አለ።