የእማማ የሻሽወርቅ ምልጃ

ከአገር ቤት የመጡ ቤተ እስራኤላውያን በበዙበት በሽኩና ጊሜል ሰፈር ሥራ የቸገረው ሰው መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእማማ የሻሽወርቅን በር ነበር። እማማ ለሃቪም በምትባል የባለጠጎች መንደር ውስጥ ሞሼ የሚባል የጡረተኛ ሥራ አስኪያጅ ቤት ብዙ ዘመን ሲያጸዱ ኖረዋል። የሰው ጉዳይ ሲገጥማቸው ለሞሼ ይነግሩታል፤ እርሱም ኤመቅ ሳራ በሚባለው የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ላሉት ወዳጆቹ ይደውላል።

አንድ ማለዳ አውቶቡስ ሲጠብቁ፣ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምትማረውን የደሞዝን ልጅ ሐጋርን አገኟት። ደሞዝን መጋዘን ያስቀጠሩት እርሳቸው ናቸው።

«ወዴት ነው እማማ?»

«ለጎረቤቴ ለወይዘሮ አገሬ ልጅ ሥራ ልለምንለት፣ ወደ ሞሼ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ባይለምኑለት ይሻላል።»

የእማማ ፊት ተለወጠ። «ሰው ያለ ሰው ምን ይሆናል ልጄ? እኔ ባልለምን ኖሮ ለአባትሽ ያንን በር ማን ይከፍትለት ነበር?»

«እውነትዎን ነው። ያን ጊዜ ቋንቋውንም አገሩንም አያውቅም ነበር፤ ውለታዎን አንረሳም። ግን በውለታ የገባ ሰው መብቱን ለመጠየቅ ያፍራል።»

«ማፈር ምን ክፋት አለው? ጨዋ ሰው ያፍራል።»

«አባቴ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሣ ወገቡን ተጎድቷል። ሐኪሙ ሲጠይቀው ግን ቤት ውስጥ ወደቅሁ አለ።»

«ምነው ዋሸ? ለእኔስ ለምን አልነገረኝም?»

«የሚደብቀው እኮ ከእርስዎ ነው።»

 አውቶቡሱ መጥቶ በሩን ከፈተ፤ እማማ ግን አልተሳፈሩም። ከሐጋር ጋር ወደ ደሞዝ ቤት ተመለሱ።

ደሞዝ ሲያያቸው ከተጋደመበት ሊነሣ ሞክሮ አቃተው።

«ተው፣ አትነሣ! እኔን ፈርተህ ነው የዋሸኸው?»

«ፍርሃት አይደለም እማማ፣ ይሉኝታ ነው። ስለ እኔ ቃል ሰጥተዋል። በሥራ ላይ ተጎዳሁ ብል፣ እነ ሞሼ ከሳሽ አመጣሽብን ቢሉዎት፣ ለሌላው ልጅ በምን ፊት ይለምናሉ?»

እማማ አንገታቸውን ደፉ። ሰው ባስቀጠሩ ቁጥር ደስ ይላቸው ነበር፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ስንቱ ሕመሙን ውጦ ይሆን?

«እኔ በር ላስከፍትልህ ነበር እንጂ አፍህን ላስዘጋህ አልነበረም» አሉት። «ነገ ኩፓት ሖሊም፣ የጤና መድኑ ክሊኒክ፣ አብረን ሄደን እውነቱን ትናገራለህ።»

እንዳሉትም ሆነ። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ መሆኑ ተመዘገበለት፤ ዐርፎ ታከመ፤ ሲመለስም ቀለል ያለ ሥራ ተሰጠው። ሞሼ ቅር ብሎት ደወለ። «ሳታማክሪኝ?» ቢላቸው፣ «ሥራውን ሰጠኸው እንጂ ወገቡን አንተ አልሰጠኸውም» አሉት። ለጥቂት ጊዜ አኩርፎ ታረቀ። የወይዘሮ አገሬ ልጅም ሐጋር መንገዱን አሳይታው በራሱ ተወዳድሮ ተቀጠረ፤ የለመነለትን ሰው አሳፍራለሁ ብሎ ስለማይሰጋ የጎደለበትን ደፍሮ ይጠይቃል። እማማም ሰው መርዳታቸውን አልተዉም፤ ቢሮ ድረስ አብረው ይሄዳሉ፣ ከጎኑ ይቀመጣሉ፤ በሌላው ፈንታ መናገር ግን ትተዋል።

ይህን መተው እንዴት እንደሚከብድ ያወቁት በዚያ ቀን፣ ከደሞዝ ጋር በገቡበት በሐኪሙ ክፍል ነው። ሐኪሙ «የት ነው የተጎዳኸው?» ሲል ደሞዝ ዕብራይስጡ ጠፋበትና ዞሮ እማማን አየ። የዕብራይስጡን ቃል እማማ ያውቁታል፤ አፋቸውንም ከፍተው ነበር። ዋጥ አደረጉትና በአማርኛ ቀስ ብለው፣ «ጊዜ አለህ፣ አስታውስ» አሉት።

ሐኪሙ ጠበቀ። ደሞዝም እጁን ወገቡ ላይ አኑሮ፣ በተሰባበረ ዕብራይስጥ፣ «በሥራ ቦታ ነው» አለ።