መንገድ የሚጠፋባቸው የጂኦግራፊ መምህርት

እስቲ ቀረብ ቀረብ በሉልኝ፤ ከኋላ የቆማችሁም ወደ ጥላው ግቡ። ዝናሙ ቆሞ፣ ጭቃው ደርቆ፣ መንገዱ ሁሉ እንደ ልብ በሚኬድበት በዚህ ወቅት የተሰበሰብነው እህቴን ለመሸኘት ነው። እኔ ፊደል ስላልቆጠርኩ ያወራሁትን የልጅ ልጄ ጽፋ ታነብላችኋለች፤ ከዘለለች አጠገቧ ተቀምጫለሁና አርማታለሁ። በጀርባዬ ያዘልኳትን ታናሼን «እሳቸው» ስል ፈገግ የምትሉ አላችሁ፤ አይቻችኋለሁ። በሕይወት ሳለች አንቺ ስላት ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ግን አንቱታው ይገባቸዋል።

መምህርት ከአናጢ አባታችንና ከልብስ ሰፊ እናታችን፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው ጀርባ በነበረችው ባለ አንድ ክፍል ቤት ተወልደው፣ የመጋዝ ድምፅ እየሰሙ አደጉ። እኔ የበኩር ልጅ ነኝና ከእናቴ ጋር ስፌት መኪናው ላይ ስቀር እሳቸው ትምህርት ቤት ተላኩ። ታዲያ ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ጉድ ነበረባቸው፤ መንገድ ይጠፋባቸዋል። ክር እንዲገዙ ብንልካቸው ሌላ ሰፈር ቆመው ሲያለቅሱ እናገኛቸዋለን፤ ሱቁ ደግሞ ከደጃችን ይታያል! ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እጄን ይዘው «እትዬ፣ አድርሺኝ» ይሉኛል፤ እኔም መርፌዬን ደረቴ ላይ ሰክቼ አደርሳቸዋለሁ።

በትምህርታቸው ግን የሚደርስባቸው አልነበረም። ካርታ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩ ዕለት፣ ፊታቸው እንደ ፋኖስ በርቶ «እትዬ፣ ለሚጠፋ ሰው የተሠራ ነገር አለ ለካ!» እያሉ ሲመጡ ዛሬም ይታየኛል። ከዚያች ቀን ወዲያ ከካርታ አልተለዩም፤ መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው የጂኦግራፊና የኅብረተሰብ ትምህርት መምህርት ሆነው ሲመደቡ፣ እኔም ስፌት መኪናዬን አስጭኜ አብሬያቸው ሄድኩ። ብቻቸውንማ እንዴት እለቃቸዋለሁ?

እንደ ፈራሁትም የመጀመሪያው የሥራ ቀን ትምህርት ቤቱ ጠፋባቸውና ደወል ካለፈ በኋላ ላብ በላብ ሆነው ደረሱ። ርዕሰ መምህሩ፣ ፊሽካ ከአንገታቸው ስለማይወርድ ጋሽ ፊሽካ የሚባሉት፣ በመምህራኑ ሁሉ ፊት «ወይዘሪት፣ የጂኦግራፊ መምህርት ሆነው ትምህርት ቤቱ ጠፋብዎት?» ቢሏቸው ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ሌላው ቢሆን አልቅሶ ወደ ቤቱ በሄደ፤ እሳቸው ግን ቀጥ ብለው ክፍላቸው ገብተው ለልጆቹ «እኔ መንገድ ይጠፋብኛል። ከዛሬ ጀምሮ ቤቴ የምታደርሱኝ እናንተ ናችሁ» አሉ። መምህርት አድርሱኝ የሚለው ስም ያን ቀን ወጣላቸው።

ትምህርቱም እንዲህ ነበር። ልጆቹ በቡድን ሆነው ከትምህርት ቤቱ እስከ ቤታችን ያለውን መንገድ ይሥላሉ፤ ዓርብ ከሰዓት መምህርት ካርታውን ይዘው ይሄዳሉ፤ ልጆቹ አፋቸውን ዘግተው ከኋላ ይከተላሉ። ካርታው ከተሳሳተ አብረው ይጠፋሉ፤ ሰኞ ቁጭ ብለው ያርሙታል። የመጀመሪያው ቡድን «ጥቁሩ ውሻ የተኛበት ጥግ ጋ ወደ ቀኝ» ብሎ ሣለ። ውሻው ለካ ፀሐይ ሲመጣበት ወደ ሌላ ጥግ ተዛውሯል፤ መምህርት ውሻውን አምነው ሲታጠፉ ክፍሉን በሙሉ ይዘው ፍራሽ ሠሪው ግቢ ገቡ። ሰውዬው ጥጥ በጥጥ እንደሆነ ብቅ ብሎ «ምነው፣ ሁላችሁም እንቅልፋችሁ መጣ?» አላቸው። ሰኞ ዕለት ሰሌዳው ላይ «የሚሄድ ነገር ካርታ ላይ አይገባም» ተብሎ ተጻፈ። የአሸዋ ክምር ተሰረዘ፤ ደረጃና ድልድይ ገባ። ልጆቹም ድልድዩን ማን እንደሠራው፣ ከሱ በፊት ሰው እንዴት ይሻገር እንደነበር፣ በየደጁ ያለው ሰው ምን ሠርቶ እንደሚያድር እየጠየቁ ካርታቸውን ሞሉት። እኔን እንኳ ስፌቴ ላይ ከበው ያደክሙኝ ነበር።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ጎሚስታ፣ እጁ ግሪስ እንደሆነ፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገብቶ «ልጄን አስተምሩልኝ አልኩ እንጂ ከተማ አዙሩልኝ አላልኩም! መዞር መዞርማ እኔ ጋ ጎማው ሞልቷል!» ብሎ ጮኸ። ጋሽ ፊሽካም መምህርትን ጠርተው፣ ከትምህርት ቢሮ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ፣ ተቆጣጣሪው ካልወደደው ከክፍል ወጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ጠመኔ እንደሚያድሉ ቁርጡን ነገሯቸው። ያን ቀን ማታ እራት አልበላ ብለው «እትዬ፣ ከክፍሉ ካስወጡኝ መግቢያም የለኝ» አሉኝ። እኔም ምን ልበል፣ «ብዪ ብዪ፣ በባዶ ሆድ የበለጠ ትጠፊያለሽ» አልኳቸው።

ተቆጣጣሪው ዝምተኛ ሰው ነበሩ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ «እንግዲያው ቦታውን እኔ ልምረጥ» ብለው፣ መምህርት ረግጠውት የማያውቁትን፣ ከኮረብታው ጀርባ ያለውን የውሃ ታንከር አዘዙ። ክፍሉ ካርታውን ሣለ። ዓርብ ሲደርስ መምህርት ከፊት፣ ልጆቹ ከኋላ፣ ከእነሱ ኋላ ተቆጣጣሪው፣ ጋሽ ፊሽካ፣ ሱቁን ዘግቶ ጉዱን ሊያይ የመጣው ጎሚስታና እኔ ሆነን ተነሣን። ደረጃውን ወጣን፣ ድልድዩን ተሻገርን፤ ከዚያ ልክ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ሁለት ቅያሶች ጋ ስንደርስ መምህርት ቀጥ አሉ። ግራውን አዩ፣ ቀኙን አዩ። ጋሽ ፊሽካ ፊሽካቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ልጆቹ እንዳይናገሩ በሁለት እጃቸው አፋቸውን አፈኑ፤ እኔ ራሴ ነጠላዬን ነክሼ ነበር።

መምህርት ወደ ካርታው ጎንበስ ሲሉ ግራው ቅያስ ላይ በጣት የተያዘ አፍንጫ ተሥሏል። የሣለችው የጎሚስታው ልጅ ናት። ክፍል ውስጥ ሌሎቹ «ሽታ ይሄዳል፣ ነፋስ ይወስደዋል፤ አይገባም!» ብለው ሲከራከሯት፣ «የቆዳ ፋብሪካው ሽታ ከተወለድኩ ጀምሮ የትም ሄዶ አያውቅም፤ መሄድ ያማረንስ እኛን ነው» ብላ አሸንፋ ያስገባችው ነው። መምህርት ቀና ብለው እንደ ድመት አሸተቱ፤ ፈገግ አሉና ሽታውን ወደ ግራ ትተው ቀኙን ያዙ። ትንሽ እንደሄድን ታንከሩ ከፊታችን ተገተረ። ኧረ የልጆቹ ጩኸት! ታፍኖ የቆየ አፍ ሁሉ ባንዴ ተከፈተ። ጎሚስታው ዓይኑን በክንዱ እየጠረገ «ለካ አፍንጫዋም ተምሯል!» አለ።

ጋሽ ፊሽካም ደስታው ቢያሸንፋቸው ፊሽካቸውን ነፉት። ልጆቹ እረፍት ያለቀ መስሏቸው ሽው ብለው ወደ ትምህርት ቤት ሮጡና እኛ አዋቂዎቹ ብቻችንን ቀረን። ተቆጣጣሪው ወዲያ ወዲህ አይተው «አሁን ማን ይመልሰናል?» ሲሉ፣ መምህርት ካርታውን ገልብጠው ያዙና፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው እየመሩ፣ ርዕሰ መምህሩንም ተቆጣጣሪውንም እስከ ቢሮው በር አደረሱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ዕቃ ግምጃ ቤት ያነሣ የለም፤ እንዲያውም የሌላ ትምህርት ቤት መምህራን ዓርብ ዓርብ ትምህርቱን ለማየት ይመጡ ጀመር።

ትዳራቸውንም ያገኙት ጠፍተው ነው። በተሳሳተ አውቶቡስ እየተሳፈሩ መጨረሻው ፌርማታ ድረስ መምጣት ቢያበዙ፣ ሹፌሩ «እህቴ፣ እዚሁ ቤት ልሥራልሽ ወይስ ልመልስሽ?» አላቸው። መለሳቸውም፣ ቤትም ሠራላቸው፤ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ወልደው በፍቅር ኖሩ።

ጡረታ ከወጡ በኋላ የልብ ሕመም አስተኛቸው። ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ሊነሡ ሄደው ልብስ ማጠቢያ ክፍል ቢገኙ፣ ሊጠይቋቸው የመጡትን ተማሪዎቻቸውን ቀለም አስገዝተው በየኮሪደሩ ቀስት አስሣሉ፤ ዛሬ በሽተኛው ሁሉ በዚያ ቀስት ይሄዳል። በመጨረሻዋ ጠዋት እጄን እንደ ልጅነታቸው ይዘው «እትዬ፣ አንቺ ቤት ግቢ፤ ይህንን መንገድ አውቀዋለሁ» አሉኝና፣ በሰላም ዐረፉ።

ዛሬ ከቤታቸው እስከዚህ ድረስ በየመታጠፊያው የቆሙትን አይታችኋል፤ ሁሉም ተማሪዎቻቸው ናቸው። የመንገዱን ካርታ ያወጣችው ቀያሽ የሆነችው የጎሚስታው ልጅ ናት። አባቷ ዛሬም እዚያው ጎማ ይጠግናል። ተቆጣጣሪው ቀድመው ዐርፈዋል። ጋሽ ፊሽካ ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ ፊሽካው ኪሳቸው ውስጥ ነው። የመምህርት ሴት ልጅ በእናቷ ክፍል ታስተምራለች፤ ወንዱ የእናቱን ወስዶ ዛሬም ይጠፋል። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ የልጅ ልጆቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል። እኔ ከሹፌሩ ጋር አንድ ግቢ እኖራለሁ፤ ስፌት መኪናዬም ትሠራለች። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ደጁ ድረስ ወጥቶ ይቀበልልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ያድለን። አሜን።