ቆብ ፍለጋ የሄድኩ ዕለት

(አያ ሽፈራው እቤታቸው እንደነገሩኝ)

በኛ ጊዜ ልጄ፣ የሟች ዕቃ እንዲህ እንደዛሬው በስልክ ፎቶ ተነሥቶ አይሸጥም። ተዝካሩ ይወጣል፣ ዳሱ ይፈርሳል፣ ከዚያ ወራሾቹ የማይፈልጉትን ደጅ ያወጡታል፤ አልጋው እዚህ፣ ጋኑ እዚያ፣ ሰው ይመጣል፣ ያገላብጣል፣ ይከራከራል። እና እኔ አልጋውን አላይ፣ ጋኑን አላይ፣ ዓይኔ የጦር ዕቃ ላይ ነው። ኮዳ በለው፣ ዝናር በለው፣ ሳንጃ በለው፣ የወታደር ኮት ቁልፍ ሳይቀር። ለምን ብትለኝ እወዳለሁ፣ በቃ። የጣሊያን የብረት ቆብ ተገልብጦ ዶሮ ውሃ ስትጠጣበት ሳይ አንጀቴ ያርር ነበር። ባለቤቴማ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «ይሄ ቤት ነው ወይስ የጦር ሰፈር? ማታ ማታ ዘብ ልቁም?» ትለኛለች።

አንተ የመጣኸው የልጅህን ልብስ ምን ላድርገው ብለህ ነው፤ ገብቶኛል። አርባዋ ካለፈ ወዲህ ዘመዱ ሁሉ «ስጠው፣ ከዓይንህ ይራቅ» እያለ ነዝንዞሃል። እመጣበታለሁ። መጀመሪያ ይሄን ስማኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ዘመሮ ገበያ ላይ አንድ የበግ ነጋዴ፣ «ከራቤል ወዲህ አንድ ወታደር የነበሩ ሽማግሌ ሞተው ባልቴታቸው ዕቃ እየሸጡ ነው። ቆብም አይቻለሁ» አለኝ።

«ማሰሪያ አለው?» አልኩት።

«ያለው ይመስለኛል» አለኝ።

እህ! የኔዎቹ በሙሉ ማሰሪያ የላቸውም። ከአገጭ ሥር የሚታሰረው ጠፍር ነዋ፣ እሱ ቶሎ ይበሰብሳል። ማሰሪያ ያለው ቆብ ስመኝ ነው የኖርኩት። እና በነጋታው በቅሎዬን ጭኜ ሄድኩልህ። ብርዱ! ጆሮዬ ያለ አልመሰለኝም።

ስደርስ ዕቃው ተሸጦ አልቋል፣ ደጅ ላይ የቀረ አንድ የተሰበረ ወንበር ብቻ። ባልቴቲቱ ወጡ። እማማ ዘነበች ይባላሉ፣ ጥቁር የለበሱ፣ ቀጭን።

«ምን ፈልገህ ነው ወንድሜ?»

«ቆብ ፈልጌ ነው እማማ።»

ፊታቸው በራ። «ቆብ! እሰይ! ገና በጉልበትህ ሳለህ! ግባ፣ ግባ፤ ወንድሜ አባም ለተዝካሩ ከገዳም መጥተው እዚሁ ናቸው።»

እኔ ደግሞ የሚሸጡልኝ ወንድማቸው መስለውኝ ገባሁ። አባ መደቡ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ቆርጠሃል ልጄ?»

«ቆርጬ ነው የመጣሁት አባቴ።»

«ሚስት አለችህ?»

«አለችኝ።»

«ፈቀደች?»

«ኧረ አልነገርኳትም! ብትሰማማ ጉዴ ይፈላል። ያሉህ ቆቦች አይበቁህም ወይ ነው የምትለኝ።»

«ያሉህ ቆቦች?»

«አምስት ስድስት ይሆናሉ አባቴ።»

አባ ብድግ! አማተቡ! «አምስት ስድስት! ስንቴ ደፍተህ ስንቴ ጣልክ፣ አንተ ሰው!»

ሃ ሃ ሃ! ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ልመነኩስ የመጣሁ መስሏቸዋል! «የብረት! የብረት ቆብ አባቴ! የወታደር!» ብዬ ጮህኩ። አባ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

እማማ ዘነበች ግን አልሳቁም። «እሱን ነው የፈለግከው?» አሉና ከጓዳ ይዘውት ወጡ፣ እንደ ሕፃን አቅፈው። ማሰሪያው አለ! ግን ጠፍሩ መሐሉ ላይ ተቋጥሮ አጥሯል፤ ለትልቅ ሰው አገጭ አይደርስም። እኔም ፈትቼ ላየው እጄን ስሰድ፣

«ተው! ቋጠሮውን አትንካ!» አሉኝ።

ደነገጥኩ።

«አባቷ ነው የቋጠረው» አሉ። «ልጃችን ይሄን ቆብ ካልደፋሁ እያለች ታስቸግር ነበር። ስትደፋው ፊቷ ይዋጣል፣ እንደ ኤሊ ስትሄድ ከምሰሶው ጋር ትጋጫለች። ታዲያ አባቷ ለአገጯ ልክ አሳጥሮ ቋጠረላት። ከዚያ ኩፍኝ ወሰዳት። እሱም ሳይፈታው ሞተ፣ እኔም አልፈታሁት።» ጣታቸውን ከቋጠሮው ሥር አስገቡና፣ «አገጯ እዚህ ጋ ነው» አሉኝ።

ምን ትላለህ? «እንዲያ ከሆነ ይቅር እማማ» ብዬ ተነሣሁ።

«ቆይ» አሉኝ። «እኔ ስሞት የባሌ ወንድም ልጆች ዶሮ ውሃ ያጠጡበታል። አንተ ለአሮጌ ብረት ይሄን ሁሉ ብርድ አቋርጠህ የመጣህ እብድ ነህ፤ ለዕቃ ደግሞ እብድ ይሻላል። ውሰደው። ቋጠሮው እንዳይፈታ፣ ዋጋው እሱ ነው።»

ይኸውልህ ወሰድኩት። ከዚያ ወዲህ አንድ ባለ መኪና ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ የቀረውን ሁሉ አይቶ አይቶ፣ ይሄን ብቻ ካልሸጡልኝ አለ። «አባባ፣ ጠፍሩን ፈታ አድርጌ ዘይት ልቀባው፣ እንዳይደርቅ ነው» ይለኛል! በሩን አሳየሁት።

ያውልህ፣ ከበሩ በላይ ነው። አውርደው እስቲ፤ አትፍራ። ቋጠሮውን አየኸው? ትንሽ ነበረች፣ አይደለም?

ልብሱን ስጠው ልጄ። ብርድ የሚመታው የሰው ልጅ አለ። ሁሉንም ግን አትስጥ።

አያ ሽፈራው ይህን ሲሉኝ እኔም፣ «የልጄን ጫማ ለመጨረሻ ጊዜ ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ ክሩ እስካሁን እንደታሰረ ነው» አልኳቸው።

አያ ሽፈራው ቆቡን ከእጄ ተቀበሉኝና ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰስ አድርገው፣

«እንግዲያ ጫማው ይቀመጥ» አሉኝ። «ዘመዶችህ ማን ከለከለህ ካሉህ፣ ስድስት ጊዜ ቆብ የጣለ መነኩሴ ገዘተኝ በላቸው።» ብለው ሳቁ፤ እኔንም አሳቁኝ።