እንዳይነሡ የተከበሩት ሰው

ጋሼ ደርበው በውጭ አገር፣ ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በተባለ የፋብሪካዎች ሰፈር ባለ የጭነት ድርጅት ውስጥ የመኪኖችን ጉዞ በስልክ ሲያቀናብሩ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል። ተቀምጠዋል ማለት በእውነት ተቀምጠዋል። የቢሮው ወጣቶች አብዛኞቹ የአገር ልጆች ናቸውና ወረቀት ሲታተም ሮጠው ያመጡላቸዋል፤ ሻያቸውንም ጠረጴዛቸው ድረስ ያደርሱላቸዋል። ሊነሡ ሲሉ «ኧረ እርስዎ ይቀመጡ» ይባላሉ። መከበሩን ይወዱታል፤ ማን ይጠላል?

አንድ ጠዋት ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃ ሲወጡ መሐል ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቆሙ። በፊዚዮቴራፒ የተመረቀችው አዲሷ የሥራ ደኅንነት ሠራተኛ ሮሚ ስትወርድ አገኘቻቸውና አብራቸው ቆመች። ወሬ ወሬን አንሥቶ ለማንም ያልነገሩትን ነገሯት። አምና ከልጃቸው ከአርያም ጋር በረዶ ላይ ስኪ ሊንሸራተቱ ሄደው፣ ገና ከጅምሩ ወድቀው መነሣት አቃታቸው። ሁለት የማያውቋቸው ሰዎች ብብታቸውን ይዘው ሲያነሷቸው ልጅቱ ቆማ አየች። ዘንድሮ ስለ ስኪ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ከመውደቁ ይልቅ ያመማቸው ይህ ዝምታ ነው።

«ዕድሜ ነው ልጄ» አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ዕድሜ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ዴስክ ላይ ነዎት፤ እኛ ደግሞ እንዳይነሡ እንከለክልዎታለን። ስኪ የጭንና የዳሌ ጉልበት ይፈልጋል፤ እሱን ያደከምነው እኛ ነን።»

«ታዲያ ትልቅ ሰው ወረቀት ሲያመላልስ ወጣት ቁጭ ብሎ ቢያይ ነውር አይደለም?»

«ነውሩ ይቆየን። አርያም ፊት ማን እንዲያነሣዎት ይፈልጋሉ?»

ጋሼ ደርበው እውነቱን ለመናገር ተቆጥተው ነበር፤ ግን ቁጣቸውም እንደ ትንፋሻቸው ደረጃው ላይ አለቀ።

ከዚያ ወዲህ ወረቀታቸውን ራሳቸው ያመጣሉ፤ ስልክ ሲያወሩ ይቆማሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ሮሚ እንዳሳየቻቸው ግድግዳ ተደግፈው፣ ወንበር ላይ እንዳለ ሰው ጉልበታቸውን አጥፈው ይቆያሉ፤ መጀመሪያ አሥር ሰከንድ፣ እያደር አንድ ደቂቃ። ወጣቶቹ ግን ጨነቃቸው። ከእነሱ አንዱ ሁሴን እንዲያውም ተቀይመውናል ብሎ ይቅርታ ሊጠይቅ መጣ።

«አልተቀየምኩም። እንድነሣ ተዉኝ» አሉት።

በሦስት ወር ውስጥ ወገባቸው ማታ ማታ መጮኹን ተወ፤ እንቅልፋቸው ተስተካከለ፤ ደረጃውንም ሳያርፉ ወጡት። ያን ጊዜ አርያምን ስኪ እንሂድ አሏት።

«አባዬ፣ አር ዩ ሹር? እርግጠኛ ነህ?»

ሄዱ፤ ጋሼ ደርበውም ወደቁ። አርያም ልታነሣቸው ተንሸራታ ስትመጣ እጃቸውን ዘርግተው አስቆሟት። በጎናቸው ተገላብጠው፣ ጭናቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ቀስ ብለው ብቻቸውን ቆሙ።

ልጅቱ ተንሸራታ አጠገባቸው ደረሰች።

«የሚመጣው ቅዳሜስ እንመጣለን?» አለች።

ጋሼ ደርበው እንባቸውን እንዳታይ የበረዶ መነጽራቸውን ወደ ታች ሳቡት።