ለዘር የቀረችው ቲማቲም

ከነቀምቴ ወደ ዲጋ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ከፊቴ ያለችው ልጅ አጠገቧ የተቀመጡትን ሴትዮ ታዋራለች።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ? ውሃ ማጠጫ ይዘው ወዴት ነው?»

«ከእናቴ የወረስኩት የጓሮ ቲማቲም ነበረኝ። ክር አስሬ ለዘር ያስቀረኋትን የመጨረሻ ፍሬ፣ ፓስተሩ ሊጸልዩልኝ መጥተው በሏት።»

«ያ ዋቃዮ!»

«በኋላ ከሽንት ቤታቸው ጀርባ በቀለች። ‹ከእኔ የወጣ የእኔ ነው› ብለው አጠሯት።»

«ሽማግሌ አይልኩም ነበር?»

«ላክኩ እንጂ! የእናቴ ዘር መሆን አለመሆኑን ‹ቀምሰን እንፍረድ› አሉ።»

«ለማን ፈረዱ?»

«ያፈራችውን ሁሉ ቀምሰው ጨረሱት።»

«ታዲያ ማጠጫው ምን ያደርጋል?»

«የሽማግሌዎቹን ጓሮ ላጠጣ ነዋ! የቲማቲም ዘር እንደሆነ ሆድ ውስጥ አይሞትም።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ እኔ ነኝና፣ ባርኔጣዬን እስከ አፍንጫዬ አወረድኩት።