በጉጉት ላይ መብራት አይረጭም

ከጨለለቅቱ ለቅሶ ደርሼ ወደ ዲላ ስመለስ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ዱመርሶ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ሾፌሩ «አምስት ደቂቃ!» አለ። የሾፌር አምስት ደቂቃ ምን ያህል እንደሚረዝም የማያውቅ መንገደኛ ስለሌለ፣ እግሬን ላፍታታ ብዬ በቡናና በእንሰት መሐል ወደሚያስገባው ቀጭን መንገድ ዘለቅሁ። ፀሐይ አዘንብላለች፤ ዝናቡም ገና ማባራቱ ነው። ጥቂት እንደሄድኩ ጭቅጭቅ ሰማሁ። ጭቅጭቅ ሰምቶ ዝም ብሎ ማለፍ ደግሞ ተፈጥሮዬ አይደለም።

ከአንድ ትልቅ ዋንዛ ሥር ሁለት ሰዎች ተፋጠዋል። አንደኛውን ወዲያው ለየኋቸው፤ የግማሹን የዲላ ከተማ ሰርግ ፎቶ ያነሱት አቶ ከፍያለው ናቸው። አናቱ ላይ ፍላሽ የተገጠመበት ካሜራቸውን ደግነዋል። ከፊታቸው አንዲት ወጣት ጃንጥላዋን ዘርግታ ልክ ከካሜራው ዓይን ፊት ደቅናባቸዋለች። እሳቸው ወደ ግራ ሲሉ ጃንጥላው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሲሉ ወደ ቀኝ ይከተላቸዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ዞር በይልኝ! ቀኑ እየመሸብኝ ነው!»

«አልዞርም ጋሼ። ፍላሹን ካላወለቁ እኔም ከዚህ ንቅንቅ አልልም።»

አቶ ከፍያለው እኔን ሲያዩ ፊታቸው በራ። «እሰይ፣ መምህር መጡ! የአማርኛ አስተማሪ አይደሉ? እስቲ ይፍረዱን።»

ልጅቷ አጎንብሳ ሰላም አለችኝ፤ ጃንጥላውን ግን ዝቅ አላደረገችም። ስሟ ሃሌሉያ ነው። ባዮሎጂ ተምራ የተመረቀች፣ እዚያው ቀበሌ የምታስተምር፣ የቦታው ባለቤት ልጅ ናት። በዋንዛው ግንድ ላይ ባለው ጉድጓድ ውስጥ አንዲት ጉጉት ጫጩቶቿን ታቅፋለች። የጥሉ መነሻም እሷ ነበረች።

«መምህር» አሉ አቶ ከፍያለው፣ «ዛሬ ስልክ ያለው ሁሉ ፎቶ አንሺ ሆኗል። ለሰርግ የሚጠራኝ ሰው ጠፋ። በሚቀጥለው ሳምንት ከተማ ውስጥ የፎቶ ትርዒት አለ። ይህችን ጉጉት ጥርት አድርጌ ባሳይ፣ ከፍያለው ገና አልሞተም ይባላል። ይህ ኃጢአት ነው?»

እውነቴን ነው፣ አንጀቴን በሉት። ሃሌሉያ ግን የምትራራ አልሆነችም።

«የእርስዎ ስም እንዲነሳ የእሷ ልጆች ይለቁ? አምና እዚሁ ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ጉጉት ፈልፍላ ነበር። ጎብኚዎች መጥተው ሲመሻሽ ፍላሽ ደጋግመው አበሩባት። ደንብራ ወጣችና ያንን የመብራት ሽቦ ሳታየው ገባችበት። እጄ ላይ ሞተች፤ ጫጩቶቿም በረሃብ አለቁ። የቀበርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ጉጉት ቀበርሽ? ሰው ጉጉት ስትጮህ ‹በኢየሱስ ስም!› ይላል፤ አንቺ ዘብ ትቆሚላታለሽ?»

«አባቴም እንደዚያ ይል ነበር። ፍልፈል የእንሰታችንን ሥር ሲጨርስብን ግን ፍልፈሉን የለቀመችልን ጉጉት ናት። የምታሟርት ወፍ የሰው ጓሮ ትጠብቃለች እንዴ?»

«በስንት ሙሽራ ላይ ፍላሽ አብርቻለሁ! የታወረች ካለች አንዲቷን አምጪልኝ!»

«ሙሽራ ፈቅዳ ነው የምትቆመው። ፎቶ ከተነሳች በኋላም በመኪና ትሄዳለች እንጂ በጨለማ በዛፍ መሐል አትበርም።»

አቶ ከፍያለው ሳቃቸው መጣ፤ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ጮኹ። «ለመሆኑ ከልካዩ ማነው?»

«ማስታወቂያውን አላነበቡም?» ግንዱ አጠገብ ወደቆመው ሰሌዳ ጠቆመች። በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ «በፍላሽ ፎቶ መውሰድ በጥብቅ የተከለከለ ነው» ይላል።

«አነበብኩ እንጂ! ስለ መብራት ግን ምንም አይልም። እኔ ታዲያ መቼ በፍላሽ ወሰድኩ? ካሜራዬ የሚሠራው በሚሞሪ ነው። ለደንበኛ የምልከውም በቴሌግራም ነው። ፍላሽ መጠቀም ከተውኩ ቆየሁ፤ ቫይረስ ያመጣል።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሰውየው የገባቸው ኮምፒውተር ላይ የሚሰካው ፍላሽ ነው! ፎቶውን በዚያ ይዛችሁ እንዳትሄዱ የተባሉ መስሏቸዋል። ጥፋቱ ደግሞ የእሳቸው አይደለም። በእኛ አገር ፎቶ ይነሳል፤ «ይወሰዳል» ከተባለ በኪስ ተይዞ ይኬዳል ማለት ነው። የተማሩ ልጆቻችን በአንድ ቋንቋ አስበው በሌላ ሲጽፉ የሚመጣው ጣጣ ይሄ ነው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ በሰሌዳ ላይ የተጻፈውማ ባሰ።

ሃሌሉያ ግን አልሳቀችም። ፊቷ ተለዋወጠ።

«የአምናዎቹም ይህንኑ አንብበው ‹እኛ ፍላሽ አልያዝንም› ብለውኝ ነበር። ያሾፉብኝ መስሎኝ ሰደብኳቸው» አለች። ጃንጥላው ወደ መሬት ዘቀዘቀ። አቶ ከፍያለው አጋጣሚውን ሊጠቀሙ ካሜራቸውን ወደ ዓይናቸው ሲያስጠጉ ጃንጥላው ተመልሶ ብድግ አለ።

«የተሳሳተው አማርኛዬ ነው፤ እኔ አልተሳሳትኩም!»

«እሺ፣ አሁን ገባኝ። ግን እኮ ብልጭ ብሎ ድርግም ነው! ዓይኗ ወዲያው ይመለሳል። ትታወራለች የሚል ማስረጃ አለሽ?»

«የለኝም» አለች። መልሷ አስደነገጠኝ፤ በክርክር መሐል እንዲህ የሚያምን ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። «እስከ መጨረሻው ትታወራለች ብዬ አልዋሽዎትም። እኔ እስካነበብኩት ድረስ ያንን ያረጋገጠ የለም። የምለው ለትንሽ ጊዜ ይጋረድባታል ነው። ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ግራ እግርዎን ምን አገኘው?»

አቶ ከፍያለው እንደሚያነክሱ ዲላ ሁሉ ያውቃል። ምክንያቱን ደፍሮ የሚጠይቃቸው ግን የለም።

«በሞተር ስመጣ» አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ኩርባው ላይ ሲኖትራክ ረጅም መብራቱን ረጨብኝ። ገደል ገባሁ።»

«ዓይንዎ ለምን ያህል ጊዜ ነው የተጋረደው?»

«ለቅጽበት።»

«ዓይንዎስ ወዲያው ተመለሰ። እግርዎስ?»

አቶ ከፍያለው ሳይታወቃቸው ጉልበታቸውን ያዙ። «መብራት ቀንስ ብዬ እጄን እያውለበለብኩለት ነበር፣ ያ ርኅራኄ የሌለው!» አሉ።

«እሷ የምታውለበልበው እጅ እንኳ የላትም ጋሼ።»

ሰው የሚረታው በመጮህ ብዛት እንዳልሆነ ያን ጊዜ አየሁ። የማይተዋወቁ ሾፌሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ መብራት ይቀንሳሉ፤ ያልቀነሰውን ባለጌ እንለዋለን። ይህን ወግ ለወፍ ስንነፍጋት ግን ማንም ባለጌ ብሎን አያውቅም። አቶ ከፍያለው ፍላሹን ከካሜራው ላይ አውልቀው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሃሌሉያም ጃንጥላዋን አጠፈች።

«ግንዱ ላይ ደገፍ ቢያደርጉት እኮ...» ልትል ስትጀምር፣ «ፎቶ ልታስተምሪኝ ነው?» ብለው አቋረጧት። በትንሽ ብርሃን እንዲያነሳላቸው አይኤስኦውን ከፍ አድርገው፣ ካሜራውን የተቆረጠ ጉቶ ላይ አስደግፈው፣ ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ጠበቁ። እኛም ራቅ ብለን ዝም አልን። ያስደነገጣት ስላልነበረ ጉጉቷ ቀስ ብላ በጉድጓዱ አፍ ብቅ አለች፤ ከሥሯ ደግሞ አንድ ጫጩት አንገቱን አሰገገ።

ፎቶውን አሳዩን። ትንሽ ሻካራ ነው፤ ዓይኖቿ ግን እውነተኛ ዓይኖች ናቸው፣ የምሽቱም ብርሃን በላባዋ ላይ አለ። «በፍላሽ ቢሆን ዓይኗ የመኪና መብራት ይመስል ነበር፤ ጫጩቱም አይወጣም» አሉ ራሳቸው። ወፏ ልጆቿን፣ ገበሬው እንሰቱን፣ ፎቶ አንሺውም የሚኮራበትን ሥዕል ያተረፈው ትንሽ በመታገስ ነው። አንባቢ ሆይ፣ ጫካ ስትገባ የሰው ቤት እንደገባህ ቁጠረው።

«ሰሌዳውን ደግሞ ‹ወፏን ፎቶ ስታነሱ መብራት አታብሩባት› ብለሽ ጻፊው» አሉ አቶ ከፍያለው፤ ሃሌሉያም እሺ አለች።

በዚህ መሐል ጎማው ተቀይሮ ኖሮ የሚኒባሱ ተሳፋሪዎች እኔን ፍለጋ መጡ። ጉጉቷን ሲያዩ መፈለጋቸውን ረስተው ስልካቸውን አወጡ፤ አንዱ ጎረምሳ መብራቱን ቦግ አደረገው። አቶ ከፍያለው እያነከሱ ከፊታቸው ቀደሙና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ።

«አጥፋ! በዚህ በኩል መብራት የሚያበራ በእኔ ላይ ይለፍ!»

«ጉጉት ናት እኮ አባት! ለሟርተኛ ወፍ ነው እንዲህ የሚቆጡት?»

«ልጆች አሏት!»

«እርስዎ ራስዎ ካሜራ አንግተው እኛን ይከለክላሉ?»

«ካሜራ ስላነገትኩማ ነው የምከለክልህ!» ብለው ጮኹበት።

ጎረምሳው ዙሪያውን አየ፤ የሚያግዘው ሲያጣ መብራቱን አጠፋ። ሾፌሩ ሊጠራን መጥቶ እሱም አጠገባችን ቆመ፤ ጉጉቷ ለአደን እስክትወጣ ድረስ ሁላችንም ጠበቅን።