ማቅለሚያ ቤቱና የተበላሸው አንሶላ

ሽማግሌ አይመከርም የሚሉ ሰዎች የሠፈራችንን ልብስ አቅላሚ አያውቋቸውም። እኔም ምክር ሲገባቸው ያየሁት በአጋጣሚ ነው። ባለፈው ወር የባለቤቴን ሻርፕ ላስቀልም ስሄድ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ከምትሠራው የእህታቸው ልጅ ጋር ግቢያቸው ውስጥ ሲከራከሩ ደረስኩ።

«እንኳን መጡ፣ መምህር!» አሉኝ፣ እስከ ክርኑ ሰማያዊ የሆነ እጃቸውን እያወዛወዙ። «እስቲ ይፍረዱን። ሠላሳ ዓመት ወደ ወንዙ የደፋሁትን ውሃ አጥርተው ይድፉ ትለኛለች። በምን? በከሰል!»

«ተራ ከሰል እኮ አይደለም፣ አጎቴ» አለች ልጅቱ በትሕትና። «ቀዳዳው እንዲበዛ ተደርጎ የተዘጋጀ፣ የደቀቀ ከሰል ነው። ቀለሙ እዚያ ላይ ይጣበቃል። ዱቄቱን ከውሃው መልሶ መልቀም ስለሚያስቸግር ደግሞ ማግኔት የሚስበው የብረት ቅንጣት አብረን አዋህደንበታል።»

«ጥቁር ጨምረሽ ሰማያዊ ልታስለቅቂ! እንግዲያውስ እኔም ከነገ ጀምሮ ፊቴን በጥላሸት እታጠባለሁ።»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሳቸውም ሳቄ አበረታቷቸው ቀጠሉ።

«ደግሞስ ማንን ጎዳሁ? ውሃ ነው፣ ይሄዳል።»

«ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ታች ነዋ!»

«ታች ማን አለ፣ አጎቴ?»

ታች ያለችው ልብስ አጣቢዋ ናት። ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የሽማግሌውን ነጭ አንሶላ ሰማያዊ አዥጎርጉራ መለሰችላቸው። እሳቸውም የሠፈሩ ሱቅ በር ላይ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «እጅሽ ይቆረጥ! ከማን ቡትቶ ጋር ነው የዘፈዘፍሽው?» ብለው አዋረዷት። ከዚያ ወዲህ ነጭ ልብስ የሚሰጣት ጠፋ። ሁለት ልጆች የምታሳድገው በዚያው ሥራ ነበር።

ልጅቱ ሁለት ጠርሙስ አወጣች። አንደኛው ከማቅለሚያው በርሜል የተቀዳ ነው። ሁለተኛውን የቀዳችው አጣቢዋ ከምታጥብበት ድንጋይ ሥር ነው፤ ሳሳ ይበል እንጂ እሱም ሰማያዊ ነው።

«አንሶላው የተበላሸ ሳምንት ምን ነበር ያቀለሙት?»

«የተማሪ ዩኒፎርም… ሰማያዊ» አሉ።

ልጅቱ ዱቄቱን ከበርሜሉ በተቀዳው ጠርሙስ ውስጥ ጨምራ ለረጅም ጊዜ ናጠችው። ከዚያ ማግኔት ከጠርሙሱ ጎን ስታስጠጋ ጥቁሩ ሁሉ ወደዚያው ተሰበሰበ። የቀረው ውሃ ኩልል ብሎ ጠራ። ሽማግሌው ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሡት።

«ይጠጣል?»

«አይጠጣም፤ ጨውና ሌላ ነገር ይቀርበታል። ግን ለመዘፍዘፊያ መልሰው ይጠቀሙበታል፣ የውሃ ወጪዎም ይቀንሳል። ዱቄቱም እየታጠበ ደጋግሞ ይሠራል። የታጠበበት ውሃ ግን ለብቻ ይጠራቀማል እንጂ አይደፋም።»

ሽማግሌው የሰሟት አይመስለኝም። በተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ ብለው ሰማያዊ እጃቸውን ያዩ ነበር።

«የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ» አሉ። «ያቺን ምስኪን በአደባባይ! ምን ዓይን ይዤ ነው የማያት?»

አብረን ወደ ወንዙ ወረድን። አጣቢዋ ጥቁር ሱሪዎችና ብርድ ልብስ ታሽ ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ «እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ይቅር በይኝ» አሏት።

«እዚህ ለድንጋዩ አይንገሩት» አለች ቀና ሳትል። «የሰደቡኝ ሱቁ በር ላይ ነው።»

በማግስቱ ሱቁ በር ላይ ቆሙ። ባርኔጣቸውን አውልቀው «አንሶላዬን ያበላሸሁት እኔው ነኝ» ብለው ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩ።

ዛሬ ከማቅለሚያ ቤቱ ሳይጠራ የሚወጣ ውሃ የለም። ከታች ያሉት አትክልተኞችም ጎመናቸውን ያለ ሥጋት ያጠጣሉ፣ ሽማግሌውም ለሌሎች አቅላሚዎች መካሪ ሆነዋል።

እኔም ነጭ ሸሚዞቼን ይዤ ወደ አጣቢዋ ሄድኩ። ተቀብላኝ አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው።

«መምህር፣ የተሰደብኩ ዕለት እርስዎም እዚያ ቆመው ነበር። የተማሩ ሰው ነዎት፤ ውሃው በማን ደጅ አልፎ እንደሚመጣልኝ ያውቁ ነበር አይደል?»

አውቅ ነበር።